ታናሽ ወንድም ስለሚሻው ክብር

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ሲባል ሰምታችኋል። እኔ ግን ይህ ተረት ሁልጊዜ እውነት አይመስለኝም። ስለ ምን እንደማልቀበለው፥ ልጆች ሆይ፥ እነግራችኋለሁ።

ከአርባ ምንጭ በላይ፥ በጋሞ ደጋ፥ ዶርዜ የሚባል አገር አለ። ቤቱ በቀርከሃ የተሠራ ረጅም ነው፤ ሰዉም በሽመና የታወቀ ነው። በዚያ ሴቶች ጥጡን ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ። ሸማኔው በጕድጓድ አፍ ተቀምጦ በእግሩ ይረግጣል፥ በእጁም መወርወሪያውን ይወረውራል። የትንሽ ልጅ እግር ግን እስከ መርገጫው አይደርስም። ስለዚህ ለእርሱ የሚሰጠው ሥራ ማጉን በቀሰም ላይ ማጠንጠን ነው። ቀሰሙም በመወርወሪያው ሆድ ካልገባ፥ ድሩ ብቻውን ጋቢ አይሆንም።

እንግዲህ ሁለት ታላላቅ ወንድሞች ያሉትን አንድ ሕፃን አስቡ። ከትምህርት ቤት ተመልሶ እስኪመሽ ቀሰም ያጠነጥናል። ማታ አባታቸው ሸማውን ዘርግቶ ታላላቆቹን «እጃችሁ ይባረክ» ይላቸዋል፤ ታናሹን ግን የሚያየው የለም። «እኔም እኮ ሠርቻለሁ» ቢል ይሥቁበታል። በማግሥቱ ክሩን ሆን ብሎ ይበጥሳል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ወደ እርሱ ይዞራሉ። በቍጣም ቢሆን ታየ! ክሩን መበጠሱ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ መጠየቅም ይገባዋል። ነገር ግን በእኔ አሳብ የጥፋቱ እኩሌታ የታላላቆቹ ነው።

በጋሞ ታላቅነት ብርቱ ነገር ነው። ታላቁ «ባይራ» ይባላል፤ በአባቶች ሥርዓትም ታናሹ አይቀድመውም። ይህን አልነቅፍም። ታላቅነት ግን ታናሹን ላለማየት አልተሰጠም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ብዙ ወጣቶች ለበቀል በተነሡ ጊዜ፥ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ባለ ሽበት ሰው የልጅ ልጁ በሚያህሉት ፊት ሲንበረከክ ክብሩ ካልቀነሰ፥ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለ ሰባት ዓመት ወንድሙ «ይህን ማግ ያጠነጠነው እርሱ ነው» ቢል ምን ይጎድልበታል?

ባዶ ምስጋና ይስጡት ማለቴ አይደለም። ሕፃንም ሽንገላን ሊያውቅ ይችላል። ላልቶ የተጠነጠነውን «ይህ ላልቷልና እንደ ገና አጥንጥነው» ይበሉት፤ ጠብቆ የተጠነጠነውን ደግሞ ማታ ሸማው ሲዘረጋ፥ ስሙን ጠርተው በአባታቸው ፊት ያሳዩለት።