ቡናው የጅማ፣ ብሩ የሸገር!

በየካቲት 2017 በኒውዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ ዓረቢካ ቡና ከ4 የአሜሪካ ዶላር በላይ መጠራቱን የሰማ ሰው «ይህን ጊዜ ጅማ መሆን ነበር!» ሳይል አይቀርም። መንግሥትም በዚያው የበጀት ዓመት 469 ሺህ ቶን ገደማ ቡና ልኬ 2.65 ቢሊዮን ዶላር አገኘሁ ብሎ ነጋሪት አስጎስሟል። ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ገቢ ነው። እሰየው! ማንም አይጠላውም።

ግን ለመሆኑ ጅማ ምን ደረሳት? አጋሮ፣ የቡ፣ ሊሙ ገነት ምን ደረሳቸው? ሂርማታ መርካቶ ውስጥ ወዲህ ወዲያ ብሎ የተቆለፉ በሮችን የቆጠረ፣ ፈረንጅ አራዳ ላይ ቀና ብሎ የዛገውን ቆርቆሮ ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ልብስ ሰፊው መኪናውን ጠቅልሎ ቤቱ ገብቷል። ቆርቆሮና ምስማር ይሸጥ የነበረው ዛሬ የሞባይል ካርድ ይሸጣል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው!

ሹማምንቱን ብትጠይቁ መልስ አያጡም። «ነጋዴው ከዘመኑ ጋር አልተራመደም»፣ «ደላላ ነው ያበላሸው»፣ «ከተማዋ በሽግግር ላይ ናት» ይሏችኋል። አንድም ጊዜ ግን «የቡናው ገንዘብ ጅማ ውስጥ ስንት ሌሊት ያድራል?» ብለው ሲጠይቁ አልተሰሙም። የነገሩ ሥር ግን እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። ጅማን ከተማ ያደረጋት ቢሮ ሳይሆን ገበያ ነው። ከ1870 እስከ 1924 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅረን ላይ ቤተ መንግሥታቸውን አቁመው ሂርማታን ሲያሞቁት የያዙት ብልሃት ቀላል ነበር፤ ነጋዴውን አትንካው፣ መንገዱንም ጠብቅለት። ያኔ የሚሸጠው ሁሉ የሚያኮራ ነበር ለማለት አይደለም። ሰውም ይሸጥ ነበር። ገበያው ግን ከተማ ወለደ። በ1929 የገባው ጣልያን ዛሬ መሀል ከተማ የምንለውን ሲቀይስ የሄደው ወደዚያው ወደ ሞቀው ገበያ ነው። ጣልያን ሲወጣ የመን ዓረቡ፣ ግሪኩ፣ ህንዱ፣ ጉራጌውና ኦሮሞው ነጋዴ ጎን ለጎን ሱቅ ከፍተው ቡና ገዙ፣ ጨው ሸጡ፣ አቡጀዲ ቀደዱ።

በዚያን ዘመን የገበሬው ቡና በፈረሱላ ተመዝኖ ሲሸጥ ከገንዘቡ ብዙው እዚያው ያድር ነበር። አቅራቢው ብር ሲቆጥር ሥጋ ቤቱም ይቆጥራል፤ ሆቴሉም፣ ጋራዡም፣ አናጢውም ይቆጥራሉ። የጅማ በርጩማ ስሙ አገር ያዳረሰው እንጨቱ ስላማረ ብቻ አይደለም፤ የሚገዛው ሰው ኪሱ ውስጥ ብር ስለነበረው ጭምር ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን አንባቢ ያውቀዋል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ። የመሀል ጅማ ሱቅ በአንድ ቀን የቀበሌና የኪራይ ቤት ሆነ። ተከራዩ «የእኔ አይደለም» ብሎ አያድሰውም፤ ቀበሌው ደግሞ «ኪራዩ ሳንቲም ነው» ብሎ ዞር ብሎ አያየውም። ደርግ ወደቀ፣ ኢሕአዴግ መጣ፣ ኢሕአዴግም ከሰመ። ቀበሌ ቤቱ ግን እንደ ቀበሌ ቤት ቀረ! ሦስት ሥርዓት የተፈራረቀበት ጣራ ቢያፈስ ምን ይገርማል? ሊሸጡት፣ ሊያስይዙት፣ ፎቅ ሊጨምሩበት በማይችሉት ቤት ውስጥ ሃምሳ ዓመት የነገደን ሰው «ለምን አላደግህም?» ብሎ መውቀስ እግሩን አስሮ ሩጥ እንደማለት ነው።

ሌላም ዱላ አርፎባታል። ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ በኋላም የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ከቦንጋ፣ ከሚዛን፣ ከማጂ የመጣ ባለጉዳይ የሚያድረው፣ የሚበላው፣ ጫማ የሚገዛው እዚያ ነበር። ከ1983 ለውጥ በኋላ ግን ወደ ዞን ከተማነት ወረደች። የከፋና የቤንች ሰው ጉዳዩ ወደ አዋሳ ተመራ፤ ከኅዳር 2014 ወዲህ ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ክልል ሲቋቋም ቦንጋ የራሷ መቀመጫ ሆነች። ቦንጋ ይመቻት፤ ቅናት የለንም። ለጅማ ግን የሄደውን ባለጉዳይ ማን ተካላት? በታኅሣሥ 1992 የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ባይኖር ኖሮ ስንቱ ቁርስ ቤትና ፎቶ ኮፒ ቤት በሩን በዘጋ ነበር!

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ወደ ቡናው እንግባ። በሰኔ 1981 የዓለም የቡና ኮታ ስምምነት ሲፈርስ ዋጋው ተንኮታኮተ። በ1994 መጀመሪያ ወራት አንድ ፓውንድ ቡና ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። የጅማ አካባቢ ገበሬ ቡናውን እየነቀለ ጫት የተከለው ሱስ ይዞት አልነበረም፤ ልጁን ማብላት ስላቃተው ነው። በዚያ ዘመን የከሰረ አቅራቢ ብዙ ነው። ይህንን የዓለም ገበያ አመጣው እንበል። ቀጥሎ የመጣውን ግን ያመጣነው እኛው ነን።

በ2000 አዋጅ ቁጥር 602 ወጣ። በ2001 ደግሞ ቡና በምርት ገበያ በኩል ብቻ ይሸጥ ተባለ። ሐቁን አንደብቅም። ከዚያ በፊትም ጨረታው የሚካሄደው አዲስ አበባና ድሬዳዋ እንጂ ጅማ አልነበረም። ምርት ገበያው ለአቅራቢው ገንዘቡን በማግስቱ መክፈሉ፣ ዋጋውንም በየገበያው ሰሌዳ ላይ ማሳየቱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ጅማ መጋዘን ሆና ቀረች! ቡናው ይገባል፣ ይቀመሳል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ኬሻው ይጫናል፣ ይሄዳል። የመጨረሻው ማበጠር፣ የሴቶቹ ለቀማ፣ ሽያጩ፣ ውሉ፣ የባንክ ሰነዱ፣ ኢንሹራንሱ ሁሉ አዲስ አበባ ነው። ከ340 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሸገር ሲደርስ ነው ቡናው ገንዘብ የሚሆነው።

ስሙስ ቢሆን ምን ሆነ? በዓለም ገበያ ጅማ የምትታወቀው «ጅማ 5» በሚባል ተራ ያልታጠበ ቡና ነው። አምስተኛ ደረጃ! የሊሙም የአጋሮም ገበሬ ላብ በጅምላ ተቆልሎ ማን ያመረተው እንደሆነ ሳይታወቅ ይሄድ ነበር። መሬቱ አምስተኛ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። አጋሮ አካባቢ በጎማ ወረዳ በ2002 ገደማ የተቋቋመው የዱሮሚና ገበሬዎች ማኅበር እሸት ቡናውን በአግባቡ አጥቦ ባቀረበ በሁለት ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ዓለም አቀፍ ቀማሾች ቡናውን ከአፍሪካ አንደኛ አሉት። ያው አፈር፣ ያው ዝናብ፣ ያው ገበሬ! የጎደለው ሥራውን እዚያው የሚያስጨርስ ሥርዓት ነበር።

በ2009 አዋጅ ቁጥር 1051 ወጥቶ አቅራቢና ላኪ በቀጥታ እንዲተሳሰሩ በሩ ተከፈተ። ጥሩ ነው ተባለ። ነገር ግን ለጅማ ነጋዴ ሌላ ወጥመድ ተዘርግቶ ቆይቶታል። አገሩ በዶላር ረሃብ በተያዘባቸው ዓመታት ብዙ ላኪ ቡና የሚገዛው ከቡና ለማትረፍ አልነበረም። እንዲህ እንበል፦ አንዱ ላኪ ኪሎውን በ300 ብር ገዝቶ ውጭ ሲሸጠው የሚያገኘው ዶላር በባንክ ዋጋ 270 ብር ነው። 30 ብር ከሰረ። እሱ ግን ምን ቸገረው? በዶላሩ ብረት ወይም መለዋወጫ አስገብቶ ኪሳራውን በእጥፍ ይመልሰዋል። የአጋሮው ነጋዴስ? እሱ የአስመጪነት ፈቃድ የለው፣ ቦሌ ቢሮ የለው! ቡናውን ከቡና ማትረፍ ነው የሚያውቀው። ቡና በኪሳራ በሚሸጥበት ገበያ ውስጥ ቡና ብቻ የሚነግድ ሰው እንዴት ይቆማል? አልቆመም። ገሚሱ የሸገሩ ላኪ ወኪል ሆነ፤ ገሚሱ ሚዛኑን ሰቅሎ ሄደ።

«ደላላውን አስወገድን» ይሉናል። እንዴ! ደላላው መች ተወገደና? አድራሻ ነው የቀየረው። ድሮ አጋሮ ቤት ሠርቶ፣ ልጁን ጅማ አስተምሮ፣ ገንዘቡን እዚያው የሚበትን ደላላ ነበር። ዛሬ ፎቁ ያለው ቦሌ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ ያ በኪሳራ የመላክ ጨዋታ አቅሙ ተሰበረ። የቡና ዋጋም ጨመረ፤ ገበሬው ቀና አለ። ይህ እውነት ነው፤ ደስም ይላል። ሱቁ ግን ምን ሆነ? በአንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲሰላ የነበረ ዕቃ በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ ሲሰላ፣ የባለሱቁ ካፒታል ግማሽ ሆነ ማለት ነው። መቶ ጥቅል ቆርቆሮ ይገዛ የነበረ ብር ሃምሳውን አልገዛ አለ። እንበደር ቢሉ ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ገድቦ ነበር። ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም ከባንክ የምትወጣዋ ብድር ቅድሚያ የምትሰጠው ለማን ነው? መያዣ ላለው ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ምን ያስይዝ? የጅማ መሀል ከተማ ባንክ በባንክ ሆኗል፤ ከእያንዳንዱ ሁለት ሱቅ አጠገብ አንድ ቅርንጫፍ ያለ ይመስላል። የገበሬውን ቁጠባ ይሰበስባሉ፤ ብድሩ የት እንደሚሄድ ፎቆቹን አይቶ መገመት ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ግብሩ አለ። በ2009 የቀን ገቢ ግምት ወጥቶ በኦሮሚያ ከተሞች ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ የተቃወመው ስለጠገበ አልነበረም። ያልሸጠውን ሸጠሃል ስለተባለ ነው።

አሁን ደግሞ ኮሪደር! አዲስ አበባ ላይ በ2016 ፒያሳን አፍርሶ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ጅማም ደርሷል። መንገድ ይስፋ፣ መብራት ይብራ፣ የአዌቱ ዳርቻ ይጽዳ፤ ማን ይጠላል? ጭቃ ናፋቂ የለም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። መንገዱ ሲሰፋ ከፊቱ የተነሳው ባለሱቅ የት ገባ? ባለይዞታው ካሳ ይሰላለታል። ተከራዩ ነጋዴስ? የካሳ አዋጁ፣ ቁጥር 1161/2011፣ ንግድ መቋረጥን ከኢኮኖሚ ጥቅም ማጣት ይቆጥረዋል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል መሬት ላይ ይውረድ እንጂ! ደንበኛ ማለት በአንድ ሌሊት ተሸክመውት የሚሄዱት ዕቃ አይደለም። ሃያ ዓመት አንድ ጥግ ላይ የቆየን ሰው ከተማ ዳር ወስደህ «እዚህ ነግድ» ብትለው፣ የሰጠኸው ቦታ እንጂ ገበያ አይደለም። ላዩ በመብራት አሸብርቆ ውስጡን ለቄስ የሆነ ከተማ ለፎቶግራፍ ይሆን እንደሆነ እንጂ ለእንጀራ አይሆንም።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ሁሉ የሆነው ከ2010 ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከአጋሮ ጥግ፣ ከበሻሻ የወጡ ልጅ በሆኑበት ዘመን ነው። ጅማ አድልዎ አትጠይቅም። ለአገር ካስገባችው ላይ የድርሻዋን ነው የምትጠይቀው።

ተችቶ ብቻ መሄድ ይቀላል እንዳይባል የምንለውን በግልጽ እንበል።

አንደኛ፣ የጅማ፣ የሊሙና የአጋሮ ቡና የመጨረሻ ዝግጅቱ ጅማ ይሁን። ማበጠሩም፣ ለቀማውም፣ ማሸጉም፣ የላኪነት ሰነዱም እዚያው ይለቅ። አዲስ አበባ መጋዘን ውስጥ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች የሚያገኙትን የቀን ደመወዝ የሂርማታና የመንደራ ሴቶችም ያግኙት። ያ ደመወዝ ነው ማታ ዘይትና ሳሙና የሚገዛው፤ ያ ነው የተዘጋውን በር የሚከፍተው።

ሁለተኛ፣ ከጅማና ከወረዳዎቿ ቁጠባ የሚሰበስብ ባንክ ሁሉ ከዚያው ላይ የተወሰነ ድርሻ እዚያው እንዲያበድር ይገደድ፤ ቁጥሩም በየዓመቱ ለሕዝብ ይነገር።

ሦስተኛ፣ በመሀል ከተማ ያሉ የቀበሌ ሱቆች ዕጣ ይለይለት። ወይ ለነጋዴው በረጅም ጊዜ ክፍያ ይሸጡ፣ ወይ የማደስና የማስያዝ መብት ያለው የረጅም ዘመን ኪራይ ይሰጣቸው። ከ1967 ጀምሮ በ«ጊዜያዊ» መኖር ይብቃ!

አራተኛ፣ ምትክ ሱቁ ገበያ ባለበት ቦታ ተሠርቶ ቁልፉ ሳይሰጥ አንድም የሚነግድ በር አይፍረስ።

እነዚህ አራቱ ከሰማይ የሚወርዱ አይደሉም። ዶላር አይፈልጉም፣ የፈረንጅ ብድር አይፈልጉም። የሚፈልጉት ሸገር የለመደውን ጥቅም ጥቂት መልቀቅን ብቻ ነው። አስቸጋሪውም እሱ ነው።

የዘንድሮ ዋጋ ለዘላለም አይቆይም። በ1981ም በ1994ም አይተነዋል፤ ቡና የወጣውን ያህል ይወርዳል። ሲወርድ ቦሌ ያለው ላኪ ወደ ሌላ ንግድ ይዞራል። የአጋሮው ገበሬ ግን ዛፉን ተሸክሞ የትም አይሄድም። ያን ጊዜ ዱቤ የሚሰጠው፣ ለልጁ ደብተር በእምነት የሚያስይዘው የሂርማታ ባለሱቅ ነበር። ያ ሱቅ ዛሬ፣ ቡና ወርቅ በሆነበት ሰዓት ከተዘጋ፣ ዋጋ የወረደ ዕለት ገበሬው የማንን በር ሊያንኳኳ ነው?