ዝክሩን ማን በላው?

እስቲ ጎበዝ፣ አንድ ነገር እንጠያየቅ። ባለፈው ወር በየሰፈራችሁ ስንት ዝክር ተዘከረ? ለሚካኤል፣ ለማርያም፣ ለገብርኤል... ጠላው ተጠምቆ፣ ድፎው ተደፍቶ፣ ድንኳኑ ተተክሎ። ለመሆኑ ዝክሩን ማን በላው? ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ ዘመድ አዝማድ፤ በቤቱ ጠግቦ የመጣው ሁሉ! ነዳያኑስ? እነሱማ በር ላይ ቆመው ቆይተው ትራፊው በፌስታል ደረሳቸው።

እኛ ዝክር ይቅር አላልንም። እንዲያውም የምንለው ተቃራኒውን ነው፤ ዝክር ወደ ባለቤቶቹ ይመለስ! ዝክር በቅዱሱ ስም የተራበን ማብላት፣ የተጠማን ማጠጣት ነው። ማቴዎስ ምዕራፍ 25ን ያነበበ ሰው የመጨረሻው ቀን ጥያቄ ስለ ምን እንደሆነ ያውቃል። ስለ እንጀራ ነው፣ ስለ ውኃ ነው፣ ስለ ልብስ ነው። በስልክህ ስንት መዝሙር ጭነሃል ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ጾሙም ያው ሆኗል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ አባቶች የሚያስተምሩንም ያልበላነው ምሳ ለድኻ እንዲደርስ ነው። ካፌዎቻችን ግን የጾም በርገር፣ የጾም ኬክ፣ የጾም ማኪያቶ እያሉ ይጠሩናል፤ አንዳንዱማ ከፍስኩ ይወደዳል! ሆድ ሥጋ ተወ እንጂ ኪስ አልጾመም። ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 እኮ የተጻፈው እንዲህ ላለው ጾመኛ ነው።

«መስጠት ለማኝ ያበዛል» የሚሉን አሉ። እሺ፣ ሳንቲም መወርወር ሰው አይለውጥም እንበል። ታዲያ ማገልገል ማለት ሳንቲም መወርወር ነው ያለው ማን ነው? ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሲሄዱ ወሎ በረሃብ ተመትታ ነበር። የያዙትን ዳቦና ጠበል ለተራቡት ሰጡ፤ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናትንም ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባልም ዘመድም ተቃወማቸው፤ እሳቸው ልጆቹን መረጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስም ከዚያ መንገድ አልተመለሱም። ልብ በሉ፤ ለመሳለም የወጡት ሴት መንገድ ላይ ያገኟቸውን ረሃብተኞች «ከስግደቴ አስተጓጎሉኝ» አላሉም። ስግደቱ እዚያው ነበራ!

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። በሚቀጥለው ዝክር ነዳያን ቀድመው ይቀመጡ፤ ያውም በር ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ። እኛ ወጣቶቹ እጃቸውን እናስታጥብ፣ ወጡን እናውጣ፣ ጠላውን እንቅዳ። ዘመድ ከተረፈው ይቅመስ። በጾሙም ወቅት አምስት ስድስት ጓደኛ የበርገሩን ዋጋ በሳምንት አንድ ቀን ቢያዋጣ፣ ምሳ ሳይቋጥር ትምህርት ቤት የሚሄድ የሰፈር ልጅ አይራብም። ለዚህ ኮሚቴም፣ ማኅተምም፣ ስፖንሰርም አያስፈልግም።

ከአንገት በላይ የሆነ ክርስትና ማንንም አያጠግብም!

ቸር እንሰንብት።