ለሐኪም ቤት በቃሬዛ፣ ለበዓልስ በምን?



በሠፈራችን ሰው ሲታመም ቃሬዛ ተሸካሚ ታጥቶ አያውቅም። ሌሊትም ይሁን ዝናብ፣ ጎረቤት ነቅሎ ይወጣል። ለለቅሶም እንደዚሁ ነው። ነገር ግን እግሩ አልታዘዝ ያለው ወገናችን ለጥምቀት፣ ለደመራ፣ ለኢድ ሶላት፣ ወይም እንዲያው ትንሽ ነፋስ ለመቀበል ሲያምረው ማን ይወስደዋል? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ብዙውን ጊዜ ማንም አይወስደውም። «እርሳቸው ይረፉ፣ ለምን ይንገላታሉ» እንላለን። ደግ የተናገርን ይመስለናል። እርሳቸው ግን ዓመቱን ሙሉ ሲያርፉ ነው የከረሙት።

ይህን የምንጽፈው በልጅነት ልምሻ ለተመታው፣ በጦርነት ወይም በመኪና አደጋ እግሩን ላጣው፣ እንዲሁም ጉልበታቸው ለደከመ እናቶችና አባቶች ነው። ዕድሜ ከሰጠን ሁላችንም ከዚያው እንሰለፋለን።

አገራችን ፎገራ ሜዳ ነው። ጎንደር ቢሆን ዳገቱና ቁልቁለቱ አለ፤ የፋሲል ግንብን ፎቅ ለማየትም ደረጃ መውጣት ግድ ነው። እኛ ዘንድ መሬቱ ለጎማ የተደለደለ ነው። ታዲያ ሰዉን ቤት የሚያስቀረው ምንድን ነው? ከበራፉ ፊት የተቆፈረች የውኃ መውረጃ ቦይ ናት። አንዲት ደረጃ ናት። መንገድ ላይ የተከመረ ድንጋይና አሸዋ ነው። ክረምቱንስ ተዉት፤ ርብና ጉማራ ሞልተው፣ ዋልካው ጭቃ ሆኖ፣ ጤነኛውም አይላወስም። ከመስቀል ወዲህ ባለው በጋ ግን ምን ምክንያት አለን?

ደግሞስ መዝናናት ሲባል ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የሚመስለው አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሩዙ ሲታጨድ ባጃጁን ከአስፋልቱ ዳር ጥላ ሥር አቁሞ ማየት ምን ያህል ያስወጣል? ከአጨዳው በኋላ እግረ ረጅሙ ኩርኪ እየተንጋጋ መጥቶ ቃርሚያውን ሲለቅም፣ የፎገራ ላም ከነጥጃዋ ስትግጥ፣ ይህ ሁሉ ከመቀመጫ ሳይነሡ የሚታይ ነው። ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሲያይ ለከረመ ሰው ቀላል ነገር አይደለም።

መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን ደግሞ ባሕር ዳር አለች። የጣና ዳር መንገዷ ሜዳ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ድልድይም 380 ሜትር ርዝመት ያለውና የእግረኛ መንገድ የተሠራለት ስለሆነ፣ ባለ ተሽከርካሪ ወንበሩ ወገናችን ወንዙን ከላይ ሆኖ ሊያየው ይችላል። ጀልባ ያማረው ካለ ግን አስቀድሞ ሰው ልኮ አሳፋሪውንና መሣፈሪያውን ማየት ያሻል። እዚያ ደርሶ ሌላው ሲሣፈር ዳር ቆሞ መቅረት ካለመሄድ የከፋ ነው።

አንድ ሰው የማያነሣው ጉዳይ አለ፤ እኛ እናነሣዋለን፤ የመጸዳጃ ነገር ነው። በበዓል ቀን ጠላው ሲቀርብላቸው «ጠግቤያለሁ» የሚሉ፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ የሚውሉ አሉ። ጠግበው አይደለም። መጸዳጃው ሩቅና ጠባብ ስለሆነ፣ ቁጢጥ ማለትም ስለማይችሉ ነው። መቀመጫው የተበሳ ወንበር ከነመጋረጃው ይዞ መሄድ ይህን ያቃልላል። አናጢዎቻችን በግማሽ ቀን ይሠሩታል።

ይህ የምጽዋት ጉዳይ አይደለም። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በ30ኛው አንቀጹ በባህል፣ በመዝናኛና በስፖርት መሳተፍን መብት ነው ይላል። ከዚያም በፊት በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። አዋጁ ግን የእኛን ቦይ መጥቶ አይደፍንልንም።

በመሆኑም ማኅበራችን የሚከተለውን ያሳስባል። ከበራፉ ቦይ ያለበት ሁሉ ጠንካራ ሳንቃ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ያልብስበት፤ ስፋቱ ከ90 ሳንቲ ሜትር አይነስ። ደረጃ ያለበት ተዳፋት ይሥራ። ልኩ ለ10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 1 ሜትር ከ20 ርዝመት ነው፤ ከዚያ ካጠረ ወንበሩን ወደኋላ ይጥለዋል። ወጣቶችም ልብ በሉ፦ ሰውየውን ሳትጠይቁ አታንሡ። በየት በኩል እንደሚያዝ የሚያውቀው እሱ ነው። ወንበሩን በእጅ መደገፊያው አታንጠልጥሉ፣ ይነቀላል። ቁልቁለት ሲሆን ወደኋላ አዙራችሁ አውርዱ።

ለመጪው ጥምቀት ከባሕረ ጥምቀቱ አጠገብ፣ ግፊያው የማይደርስበት ጥላ ያለው ቦታ እንዲከለል ከበዓሉ አስተባባሪዎች ጋር እንነጋገራለን። ለኢድም ከሙስሊም ወገኖቻችን ጋር እንዲሁ እናደርጋለን። ባለ ባጃጆች፣ ጠዋት አንድ አንድ ጉዞ በነፃ ለማድረስ ፈቃደኛ የሆናችሁ በጸሐፊው ዘንድ ተመዝገቡ፤ የመመለሻው ሰዓት አብሮ ይጻፍ፣ ወስዶ መርሳት እንዳይመጣ። ቤት የዋለ ዘመድ ያላችሁም ስሙን ከማስመዝገባችሁ በፊት መሄድ ይፈልግ እንደሆነ ራሱን ጠይቁት። አልፈልግም ካለ ደግሞ አይገደድ።

ለቦዩ ሥራ አካፋና ሳንቃ ያላችሁ እሑድ ከረፋዱ 4 ሰዓት ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ እንገናኝ።

የማኅበሩ ጸሐፊ