አየር ስለሚስበው ፖምፓና ስለ ዘይቱ

ደስታ የሚባለው በሽታ በ1880ዎቹ የኢትዮጵያን ከብት ፈጀ፤ በ2003 ዓመተ ምሕረትም ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ያጠፋው ክትባት ሳይበላሽ ይቆይ የነበረው በረዶ ከሆነ በኋላ ሳይቀልጥ እንዲደርቅ በመደረጉ ነው። ይኸው ጥበብ ዛሬ ለቤት በሚሆን መኪና ወጥቷል።

በሉማሜ ሥጋና አትክልት ሊያደርቅበት የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ ስለ ፖምፓው ዘይት ይጠይቅ። ፖምፓው አየሩን ሲስብ የውሃ እንፋሎት ከዘይቱ ጋራ ይቀላቀላል፤ ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታልና ትኩስ ሳለ ይቀዳ፤ ተጣርቶ ይመለስ ወይም ይለወጥ። ኤሌክትሪክ ተቋርጦ በረዶው ከቀለጠም ውሃው ሳይፈስና ውስጡ ሳይጠረግ ፖምፓው አይነሣ።

ሹማምንት መኪናውን ለማኅበር ሲያስገዙ የዘይቱን ዋጋና የሚጠብቀውን ሰው ደመወዝ አብረው ይቍረጡ፤ ይህ ካልተቻለ ግን ለቋንጣው ገመድ ይበቃዋል።