የኦጋዴን ሰማይ በሲሙሌተር ሊዳኝ ይችላልን?

በ1969 ዓ.ም. ሐምሌ ወር በኦጋዴን ሰማይ ላይ የተፋለሙት የኢትዮጵያው ኤፍ-5ኢ እና የሶማሊያው ሚግ-21 የትኛው ይበልጥ ነበር? ይህ ክርክር በአዛውንቶች ጨዋታ ብቻ የሚነሣ አይደለም። የጦርነቱ ዘመን ካለፈ በኋላ የተወለዱ፣ አማርኛውን ከእንግሊዝኛ እየቀላቀሉ የሚናገሩ ወጣቶችም ያነሡታል። እነርሱ ግን መጽሐፍ አያገላብጡም፤ ዲሲኤስ የተባለውን የውጊያ በረራ ሲሙሌተር ከፍተው ሁለቱን አውሮፕላኖች ያጋጥማሉ፤ ያሸነፈው አሸነፈ ይባላል።

ዲሲኤስን እንደ መማሪያ መሣሪያ አከብረዋለሁ። የአየሩ እፍጋት፣ የክንፉ የማንሳት ኃይል፣ እየተቃጠለ የሚቀንሰው ነዳጅ ክብደት ሁሉ በየቅጽበቱ ይሰላሉ። አንድ የምሕንድስና ተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ወር የሚፈጅበትን ሐሳብ በአንድ ምሽት በእጁ ሊዳስሰው ይችላል። ጦርነትን እንዲዳኝ ሲቀመጥ ግን መጠንቀቅ ይገባል።

በወረቀት ላይ ካለው እንጀምር። ኤፍ-5ኢ ባዶ ክብደቱ ወደ 4,400 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ትንሽ ተዋጊ ነው። እያንዳንዳቸው 2,270 ኪሎ ግራም ያህል የሚገፉ ሁለት ሞተሮች ሲኖሩት፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ የድምፅን ፍጥነት 1.6 ጊዜ ያህል ነው። ሶማሊያ የነበራት ሚግ-21ኤምኤፍ ባዶውን ከ5,000 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ብቸኛ ሞተሩ እስከ 6,500 ኪሎ ግራም ይገፋል፤ ፍጥነቱም የድምፅን እጥፍ ይደርሳል። ሰንጠረዡን ብቻ ያነበበ ሰው ለሚግ ይፈርዳል።

ነገር ግን ሁለት ተዋጊዎች ተያይዘው ሲሽከረከሩ ማንም በድምፅ እጥፍ አይበርርም። ፍልሚያው ከድምፅ ፍጥነት በታች ይወርዳል፤ ያኔ ዋናው ነገር ፍጥነትን ሳያባክኑ መታጠፍ ነው። የሚግ ስስ ባለሦስት ማዕዘን ክንፍ ለአንድ አፍታ በኃይል ይታጠፋል፤ ወዲያው ግን የአየሩ ተቃውሞ ፍጥነቱን ይበላበታል። የጠፋውን ፍጥነት ለመመለስ አብራሪው አፍንጫውን ወደ ታች መድፋት፣ ከፍታውንም መክፈል አለበት። ኤፍ-5ኢ በታጠፈ ቁጥር ፍጥነቱን በተሻለ ይጠብቃል። በዚህ ላይ የሚጉ አብራሪ በወፍራም የመስኮት ክፈፍ የተከበበ ነው፤ ከኋላው የሚመጣበትን ለማየት ይቸገራል። ኤፍ-5ኢ ደግሞ ቀጭን ስለሆነ ፊት ለፊት ሲመጣ በዓይን ለማግኘት ያስቸግራል። የማያዩትን ጠላት በፍጥነት መብለጥ ምን ይጠቅማል?

ይህን ያወቁት ተጫዋቾች ብቻ አልነበሩም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አብራሪዎቻቸውን ለማሠልጠን ሚግ-21ን እንዲመስልላቸው የመረጡት ኤፍ-5ኢን ነበር፤ ባሕርያቸው ይቀራረባልና። ሶቪየቶችም ከደቡብ ቬትናም የተማረከ ኤፍ-5ኢ ወስደው አኽቱቢንስክ በሚገኘው የበረራ መፈተኛ ጣቢያቸው ከሚግ-21ቢስ ጋር አጋጥመውታል፤ በቅርብ ፍልሚያ አሜሪካ ሠራሹ መብለጡ የራሳቸውን የፈተና አብራሪዎች አስገርሟል። በክንፎቻቸው ሥር የነበሩት ሚሳኤሎች እንኳ ዘመዳሞች ናቸው። የሶቪየቱ ኬ-13 እ.ኤ.አ. በ1958 በታይዋን ባሕር ሰርጥ ውጊያ ከቻይኖች እጅ ከገባ የአሜሪካ ሳይድዋይንደር የተቀዳ ነው። ኢትዮጵያና ሶማሊያ በአንድ ሚሳኤል ሁለት ቅጂዎች ተታኩሰዋል ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ጨዋታው የት ላይ ይስታል? መጀመሪያ ነገር፣ በዲሲኤስ ውስጥ ያለው ሚግ-21ቢስ ነው እንጂ በኦጋዴን የበረረው ኤምኤፍ አይደለም። ልዩነቱ የስም ብቻ አይምሰላችሁ። የቢስ ሞተር ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ወደ 9,900 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ግፊት ማውጣት ይችላል። ያን ቁልፍ ተጭኖ ከኤፍ-5ኢ ሽቅብ ያመለጠ ተጫዋች፣ የሶማሊያ አብራሪዎች በእጃቸው ያልነበረ ሞተር ተጠቅሟል።

ሁለተኛው ስሕተት የአየሩ ነው። ብዙ ጊዜ ውድድሩ የሚካሄደው በነፃ በሚገኘው የካውካሰስ ካርታ፣ በጥቁር ባሕር ዳርቻ ነው። የደብረ ዘይት አየር ኃይል ጣቢያ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚያ ከፍታ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ከባሕር ጠለል መደበኛ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። አየር የሳሳበት ሞተር ግፊቱ ይቀንሳል፤ የመንደርደሪያው ርቀት ይረዝማል፤ የሚጫነው ነዳጅና ቦምብም በዚያው ልክ ይቆጠራል። ድሬዳዋ ዝቅ ብትልም ሙቀቷ የዝቅታዋን ጥቅም መልሶ ይወስዳል። ሲሙሌተሩ ይህን ማስላት ይችላል፤ ተጫዋቹ ግን ሙቀቱንና ከፍታውን ካላስገባለት ስለ ጥቁር ባሕር እንጂ ስለ ሐረርጌ አይነግረውም።

ሦስተኛው በየትኛውም ቀመር የማይገባው ነው። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር ተቆራርጣ፣ ካዘዘቻቸው ኤፍ-5ኢ ሁሉንም ሳትረከብ፣ መለዋወጫም ሳይመጣላት ነው የገጠመችው። ሶማሊያም ጦርነቱ ሳያልቅ ሶቪየቶችን አስወጥታ የራሷን ሚጎች የመለዋወጫ ምንጭ አጣች። በሲሙሌተር ውስጥ አውሮፕላኑ ሁልጊዜ አዲስ ነው፤ ጎማው አያልቅም፣ ራዳሩ አይበላሽም፣ አንዱን ለማስነሣት ከሌላው ዕቃ የሚፈታ መካኒክ የለም። በውጊያው ዋዜማ አብራሪው ስንት ሰዓት በርሮ እንደነበር፣ ከምድር ራዳር ማን እንደመራው፣ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ራሱ መወሰን ይፈቀድለት እንደነበርም አይጠየቅም። የኢትዮጵያ አብራሪዎች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የአየር የበላይነቱን ሲይዙ፣ እንደ እኔ ግምት ከክንፉ ቅርጽ ይልቅ እነዚህ ነገሮች የበለጠ ሠርተዋል። ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ ሚጎችን ከጣሉ በኋላ በዚያው ጦርነት አውሮፕላናቸው ወድቆ ተማረኩ፤ እስከ 1988 እ.ኤ.አ. 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቆዩ። ዲሲኤስ ላይ የወደቀ ሰው አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይነሣል።

እኛ የሎስ አንጀለስ ነዋሪዎች ይህን ርቆ ያለ ታሪክ አድርገን ማየታችን ይገርመኛል። ኤፍ-5ን የነደፈው ኖርዝሮፕ ፋብሪካው በሃውቶርን ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ትንሿ ኢትዮጵያ ከተባለችው የፌርፋክስ ጎዳና በስተደቡብ በመኪና ብዙም አይርቅም። አውሮፕላኖቹ ተገጣጥመው የሚያልቁት ደግሞ ከኖርዝ ሆሊውድ ወደ ሰሜን ተራራውን ተሻግሮ በሚገኘው ፓልምዴል ነበር። ኤፍ-5 የገዙ አገሮች አብራሪዎች ይሠለጥኑበት የነበረው ዊሊያምስ ጣቢያም በጎረቤት አሪዞና ነበር። በፌርፋክስ ቡና እየጠጣ ስለ ኤፍ-5 የሚከራከር ወጣት የአውሮፕላኑ የትውልድ ከተማ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚከራከረው።

የጎደለው መረጃ በሰዎች ዘንድ አለ። ያን ዘመን የበረሩና ያበረሩ፣ በተለይም ስማቸው በየትም ያልተጻፈ የምድር ቴክኒሻኖች፣ ዛሬ በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው፤ በአገር ቤትም በስደትም አሉ። በሌላው ወገን ያሉት ሶማሌዎችም እንዲሁ፤ የእነርሱ ቃል ካልተጨመረ ንጽጽሩ ግማሽ ነው። ሲሙሌተር የሚወዱ ወጣቶች ከማንም በተሻለ ሊጠይቋቸው ይችላሉ፤ ቋንቋውን ያውቃሉና። ከድሬዳዋ ተነሥታችሁ ጅግጅጋ ላይ ስትደርሱ ስንት ነዳጅ ይቀራችሁ ነበር? ሞተር ለመቀየር ስንት ሰዓት ይፈጅ ነበር? መድፉ ስንት ጊዜ ተነክሶ ቀረ? በአንድ ቀን ስንት አውሮፕላን ለበረራ ዝግጁ ታደርጉ ነበር? ከየትኛው ላይ ፈትታችሁ?