ታሪኩ ያልተጻፈ ጠመንጃ

በጅባት ተራሮች አካባቢ በሸነን፣ ወይም በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ በሚገኝ በአንድ ቤት ውስጥ እንዳላችሁ አስቡ። ከግድግዳው ላይ በጠፍር የተንጠለጠለ አሮጌ ጠመንጃ አለ። እንጨቱ ከጭስና ከእጅ ብዛት ጠቁሯል፤ ብረቱ በየቦታው ዝጓል፤ ጥይቱም ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የቤቱ ልጆች «የአያታችን ነው» ከማለት በቀር ስለ እርሱ የሚናገሩት የላቸውም። አያታቸው ከማን እንዳገኙት፣ የት እንደ ተኮሱበት፣ ለምንስ እስከ ዕለተ ሞታቸው እንዳስቀመጡት የሚያውቅ ሰው በቤቱ የለም። እንዲህ ያለው ጠመንጃ ምንድን ነው? ቅርስ ነውን? ወይስ ብረት?

በበኩሌ፣ ታሪኩ ያልተጻፈ ጠመንጃ ብረት ነው እላለሁ። አሮጌ ጠመንጃዎችን፣ ይልቁንም ወጣቶች የተማሩባቸውንና የዘመቱባቸውን መሰብሰብ ይገባናል። ነገር ግን ከብረቱ አስቀድሞ መሰብሰብ ያለበት ታሪኩ ነው፤ መቀመጥ ያለበትም በአንድ ሰው ሣጥን ውስጥ ሳይሆን ሕዝብ ሁሉ ሊያየውና ሊማርበት በሚችል ቦታ ነው።

«ይልቁንም ወጣቶች የተማሩባቸውን» ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሆለታ ገነት፣ ዳግማዊ ምኒልክ ባሠሩት ቤተ መንግሥት ውስጥ፣ በጥር ወር 1927 ዓ.ም. የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። አስተማሪዎቹ በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ አምስት የስዊድን መኮንኖች ነበሩ። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ከዳግማዊ ምኒልክና ከተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤቶች የመጡ፣ ከእናንተ በዕድሜ እጅግም የማይበልጡ ወጣቶች ነበሩ። ትናንት ብዕር የጨበጠው እጃቸው ጠመንጃ መፍታትንና መግጠምን፣ ማነጣጠርንና መተኮስን ተማረ። ይሁን እንጂ ትምህርቱ ገና ዓመት ሳይሞላው፣ በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። ከማይጨው ጦርነት በኋላም፣ በሚያዝያ ወር፣ የጠላት ጦር ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ እነዚያ ካዴቶች በጣርማበር ተሰልፈው እንዲያግዱት ታዘዙ። የትምህርቱ ዘመን ሳያልቅ የጦር ሜዳው ፈተና ቀደመ።

አዲስ አበባ በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላም ተስፋ አልቆረጡም። ከእነርሱ መካከል ወደ ምዕራብ ሄደው በወለጋ ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር የተሰለፉ ነበሩ። በሰኔ ወር 1928 ዓ.ም. በነቀምት አጠገብ በቦነያ ያረፉትን የጠላት አውሮፕላኖች ካቃጠሉት አርበኞች ጋር የሆለታ ልጆች ነበሩበት። በዚያው ዘመን በጅባትና ሜጫ አገር፣ በኋላ እስከ ሌተና ጄኔራልነት የደረሱትና «የበጋው መብረቅ» የተባሉት ጃገማ ኬሎ፣ ገና በ15 ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ ዱር ቤቴ አሉ። እርሳቸው ያን ጊዜ የጦር ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ዱር የገባ ወጣት ጠመንጃና ጥይት ከሚያገኝባቸው መንገዶች ዋነኛው ከጠላት መማረክ ነበር።

እንግዲህ ብረቱን ብቻ ይዘን ይህን ሁሉ ልናነብበት እንችላለንን? ካርካኖ የተባለውን የኢጣልያ ጠመንጃ እንመልከት። በብረቱ ላይ ቴርኒ ወይም ብሬሻ የሚል የፋብሪካው ከተማ ስም ተቀርጾ ሊገኝበት ይችላል። የተሠራበት ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጻፍበታል፤ ከአጠገቡም በሮማውያን ቁጥር የፋሺስቱ መንግሥት ስንተኛ ዓመት እንደ ሆነ የሚያመለክት ምልክት የተጨመረባቸው አሉ። ይህ ሁሉ የሚነግረን የሠሪውን ታሪክ ነው። ማን ማረከው? በየትኛው ኮረብታ ላይ? ጠመንጃው ሲማረክ የወደቀው ጓደኛ ማን ነበር? ስለዚህ ብረቱ ዝም ይላል። የጠላት ማኅተም ያለበት ጠመንጃ የአርበኛ ጠመንጃ መሆኑን የሚመሰክረው ያየ ሰው ቃል፣ ወይም ያንን ቃል ሰምቶ የጻፈ ሰው ወረቀት ብቻ ነው።

የጠመንጃዎቹ ስሞች እንኳ ታሪክ ያዘሉ ናቸው። «ውጅግራ» የምንለው የፈረንሳይን የግራ ጠመንጃ ስም በአገራችን አንደበት ቀርጾ የያዘ ቃል ነው፤ አባቶቻችን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ከተዋጉባቸው መሣሪያዎችም አንዱ ነበር። «ሰናድር» የሠሪውን የስናይደርን ስም፣ «ቤልጅግ» ደግሞ የመጣበትን የቤልጅግን አገር ስም ይዟል። አንድ ጠመንጃ ከነስሙና ከነባለቤቱ ሲታወቅ የቋንቋና የታሪክ መማሪያ ይሆናል። ስሙና ባለቤቱ ሲረሱ ግን ቀጥቃጭ ማረሻ ሊያደርገው ይችላል፤ እንዲያ ቢያደርገውም የሚወቅሰው አይኖርም።

ጊዜውም አይጠብቀንም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች ተከማችተው የነበሩ ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች፣ ውጅግራውም፣ ካርካኖውም፣ ቤልጅጉም፣ ወደ አሜሪካ ተሻግረው ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። ይህን ስል ሽያጩ ሕግን ጥሷል ማለቴ አይደለም። የገዛቸውም ሰው ዝገቱን አራግፎ፣ ቁጥሩን መዝግቦ፣ በዘይት ወልውሎ ያስቀምጣቸው ይሆናል፤ ስለ እንክብካቤው አናማውም። ነገር ግን «ከኢትዮጵያ የመጣ» ከማለት በቀር ስለ ቀድሞው ባለቤት ምን ሊናገር ይችላል? እኛ ያልጻፍነውን እርሱ አያውቀውም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ዳሩ ግን ቅርስ መሆኑ ያልታወቀውን ነገር አዋጅ ብቻውን እንዴት ይጠብቀዋል? «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» ይባላልና፣ ያላወቅነው ነገር ሲሄድም አይቆጨንም።

ይህን አሳብ የሚቃወሙ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ «ወጣቱን ጠመንጃ አስወድዶ ምን ሊያተርፉት ነው? ይልቅስ ይቅለጥ!» ይላሉ። ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። በ1918 ዓ.ም. የሙሶሊኒ መንግሥት ባሊላ የሚባል የልጆች ድርጅት አቋቁሞ፣ ከ8 እስከ 14 ዓመት ላሉ ወንዶች ልጆች ለቁመታቸው የተመጠነ ትንሽ ጠመንጃ እስከ ማስያዝ ደርሶ ነበር። ዛሬ ያ ትንሽ ጠመንጃ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ ይፈለጋል። ማነሱንና ማማሩን ብቻ አይቶ የሚደነቅ ሰው ግን፣ ልጆችን ለወረራ ሲያሳድግ የነበረ ሥርዓት መሣሪያ መሆኑን ይዘነጋል። የሆለታው ወጣት ደግሞ ጠመንጃ ያነሣው ቤቱን የወረረውን ለመመለስ ነው። እነዚህን ሁለት ጠመንጃዎች ከነታሪካቸው ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው፣ ተመልካቹ የሚያስበው ስለ ጠመንጃ ውበት ሳይሆን ስለ ግፍና ስለ ፍትሕ ይሆናል። ጠመንጃን የሚያስመልከው ታሪኩ አይደለም፤ የታሪኩ መጥፋት ነው።

ሌሎች ደግሞ አደጋውን ያነሣሉ። በዚህ ከእነርሱ ጋር እስማማለሁ። አሮጌ ጠመንጃም ይገድላል። በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን የሚከለክለውም በከንቱ አይደለም። መፍትሔው ግን አለ። በእንግሊዝ አገር ካዴቶች ለሰልፍ ትምህርት ብቻ ይይዟቸው የነበሩ አሮጌ ሊ ኤንፊልድ ጠመንጃዎች እንዳይተኩሱ ይደረጉ ነበር፤ በቀላሉ እንዲለዩም በነጭ ቀለም የተቀቡ ነበሩባቸው። ለእይታ የሚቀመጠው የእኛም ጠመንጃ በባለሙያ እጅ እንዳይተኩስ ሊደረግ፣ በመስታወት ውስጥ ሊቆለፍ፣ በመዝገብ ሊያዝ ይችላል። የማይተኩስ ጠመንጃ ታሪክ ከመናገር አይከለከልም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ከባለቤቶቹ የሚመጣው ነው። «የአባቴን ጠመንጃ ለማን አሳልፌ እሰጣለሁ?» የሚል ሰው ሊናቅ አይገባውም። በአገራችን ጠመንጃ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የክብር ዕቃ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ ማንም በግድ ይውሰድበት አልልም። ነገር ግን የአባቱ ስም ከጠመንጃው አጠገብ በግልጽ ተጽፎ፣ የርክክቡ ደረሰኝ በእጁ ገብቶ፣ የድል በዓል በሚከበርበት ሚያዝያ 27 ቀን የትውልድ ከተማው ሰው ሁሉ ቆሞ ቢያየው፣ ክብሩ ይጨምራል እንጂ ይቀንሳልን? ከግድግዳ ላይ ያለውን የሚያውቀው ቤተሰቡ ብቻ ነው፤ እሳት ወይም ሌባ አንድ ቀን ቢደርስበት ግን ቤተሰቡም ያጣዋል።

እናንተ ተማሪዎች ታዲያ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ? አስቀድሜ ማድረግ የሌለባችሁን ልንገራችሁ። ጠመንጃውን አትንኩ። ጥይት ጎርሶ ይሆናልና፣ «አርጅቷል» ብላችሁ አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙሩ፤ ምላጩንም አትሳቡ። ለእናንተ የሚበቃችሁ መሣሪያ ብዕርና ደብተር ነው። በዕድሜ ከገፉት ሰው አጠገብ ቁጭ በሉና በትሕትና ጠይቁ፤ «አባባ፣ ይህን ጠመንጃ ከማን አገኙት? የያዘው ሰው ዕድሜው ስንት ነበር? መተኮስን ማን አስተማረው? የት የት ዘመተበት?» በሉ። የሚነግሯችሁን እንደ ተናገሩት ጻፉ፤ አታሳምሩት፤ አትጨምሩበትም። ያዩትን «አየሁ» ካሉ፣ የሰሙትንም «ሰማሁ» ካሉ፣ ሁለቱን ለይታችሁ መዝግቡ። የተናገሩበትን ቀንና ቦታ ከታች አስፍሩ። ከዚያም ጽሑፉን ለታሪክ ወይም ለአማርኛ መምህራችሁ አሳዩ፤ አንዱን ግልባጭ ለቤተሰቡ፣ ሌላውን ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስጡ። ጠመንጃውን ወደ ሙዚየም የማስገባቱ ጉዳይ የባለቤቱና የባህል ጽሕፈት ቤቱ ሥራ ነው፤ ታሪኩን ከመጥፋት የማዳኑ ሥራ ግን ዛሬ በእናንተ እጅ ነው።

በ1927 ዓ.ም. ሆለታ የገቡት ወጣቶች ዕድሜ እንደ እናንተ ነበር ብያለሁ። እነርሱ በዘመናቸው የተጠየቁት ሕይወታቸውን ነው። ከእናንተ የሚፈለገው አንድ ከሰዓት በኋላና ጥቂት የደብተር ገጾች ናቸው። የዝገትን ነገር ባለሙያ ሊያስወግደው ይችላል፤ የሚያውቁት ሽማግሌ ሲያልፉ አብሯቸው የሚቀበረውን ቃል ግን ማንም ባለሙያ ቆፍሮ አያወጣውም።