የቢሲክሌት ባለቤትነት በጃፓን አገር

አንድ ዕቃ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በያዘው ሰው እጅ ሳይሆን በማስረጃው ነው። ይህ ለነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም። ለትምህርት ወይም ለንግድ ጉዳይ ወደ ጃፓን ሄዶ የሚቀመጥ ኢትዮጵያዊ ግን ይህንኑ እውነት በመጋዘን ዕቃ ሳይሆን በሚነዳው ቢሲክሌት ይማረዋል።

በጃፓን ከተሞች ቢሲክሌት የልጆች መጫወቻ ብቻ አይደለም። ሠራተኛው ከቤቱ እስከ ባቡር ጣቢያ፣ እናት ከነልጅዋ እስከ ገበያ የሚመላለሱበት የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ነው። ስለዚህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. የወጣው የቢሲክሌት ሕግ ተሻሽሎ፣ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ማናቸውም ባለቤት ቢሲክሌቱን በስርቆት መከላከያ መዝገብ የማስመዝገብ ግዴታ አለበት።

ምዝገባው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጸመው በሻጩ ሱቅ ነው። ገዢው የውጭ አገር ሰው እንደሆነ የመኖሪያ ካርዱን ያሳያል፤ ጥቂት መቶ የን ይከፍላል። ባለሱቁ የገዢውን ስምና አድራሻ፣ እንዲሁም በቢሲክሌቱ አካል ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ይመዘግባል፤ የምዝገባ ቁጥር ያለበትን ምልክት ይለጥፋል፤ የመዝገቡንም ቅጂ ለገዢው ይሰጣል። ዝርዝሩም ለክፍለ አገሩ ፖሊስ ይተላለፋል። ሕጉ ላላስመዘገበ ሰው ቅጣት አልወሰነም። ይህን የሰማ እንግዳ ነገሩን ቸል ይለዋል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ትምህርቱን የጨረሰ ተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ ቢሲክሌቱን ለወዳጁ በርካሽ ይሸጣል፤ ወይም በነጻ ይሰጣል። መዝገቡ ግን በሄደው ሰው ስም ይቀራል። ፖሊስ በመንገድ አስቁሞ ቁጥሩን ሲያጣራ የሌላ ሰው ስም ይወጣል። ሻጩ ባሕር ተሻግሯል፤ ገዢው ቋንቋውን በቅጡ አያውቅም። ያልሰረቀ ሰው አለመስረቁን ለማስረዳት ይጨነቃል። ከመንገድ ዳር የተጣለ መስሎት ቢሲክሌት አንሥቶ የሚነዳማ በወንጀል ሊከሰስ ይችላል። መድኃኒቱ ግን ቀላል ነው፤ ሰጪው የቀድሞውን ምዝገባ ያሰርዛል፤ ማስተላለፉን በጽሑፍ ያረጋግጣል፤ ተቀባዩም በራሱ ስም ያስመዘግባል። ወደ ሌላ ክፍለ አገር የሚዛወርም እንደገና ማስመዝገብ አለበት።

አንዳንዶች ይህ ሁሉ በእንግዳ ላይ የተጫነ ሸክም ነው ይላሉ። ደንቡ ግን ለአገሬውም ለእንግዳውም አንድ ነው። ልዩነቱ አገሬው በቋንቋው ተናግሮ፣ ዘመድና ጎረቤት ጠርቶ ራሱን ማስረዳት ሲችል፣ የእንግዳው ምስክር ወረቀቱ ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ከአገሬው ይልቅ የሚጠቅመው ለእንግዳው ነው።

ኢንሹራንስም እንዲሁ ነው። በ2013 ዓ.ም. የኮቤ ፍርድ ቤት፣ የ11 ዓመት ልጅ በቢሲክሌት ገጭቶ ከባድ ጉዳት ስላደረሰባት ሴት፣ የልጁ እናት 95 ሚሊዮን የን ያህል እንድትከፍል ፈርዷል። የሂዮጎ ክፍለ አገር በ2015፣ ቶክዮ በ2020 ዓ.ም. የቢሲክሌት ኢንሹራንስን ግዴታ አድርገዋል። ደግሞም በኢትዮጵያ መንገድ ቀኙን መያዝ የለመደ ሰው በዚያ አገር ግራውን መያዝ አለበት። ከኤፕሪል 1 ቀን 2026 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲሠራ በተደነገገው ሥርዓት፣ ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው ቢሲክሌት ነጂ ቀይ መብራት ቢጥስ 6,000 የን፣ ስልክ በእጁ ይዞ ቢነዳ 12,000 የን ይከፍላል።

እንግዲህ ልጁን ወይም ሠራተኛውን ወደዚያ የሚልክ ነጋዴ፣ ከስንቁና ከገንዘቡ ጋር ይህን ምክር ጨምሮ ቢሰጠው መልካም ነው፤ በባዕድ አገር በስርቆት መጠርጠር ከቢሲክሌት ዋጋ በላይ ስምን ያጐድፋልና።

ቢሲክሌት አስመጥተው እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባሉ ከተሞች የሚሸጡ ነጋዴዎቻችንም የሚወስዱት ትምህርት አለ። ሕግ እስኪያስገድዳቸው ሳይጠብቁ በደረሰኙ ላይ የገዢውን ስምና በቢሲክሌቱ አካል ላይ ያለውን ቁጥር ቢጽፉ የሚወጣባቸው ኪሣራ አንድ መስመር ቀለም ነው። ቢሲክሌቱ የተሰረቀበት ደንበኛ ግን በዚያች መስመር ንብረቱን ለይቶ ያስረዳል፤ የተሰረቀ ዕቃ የሚገዛም ሰው ይጠነቀቃል፤ ባለሱቁም ታማኝነቱ ይታወቅለታል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ማስረጃ የሚዘጋጀው ክርክር ሳይነሣ፣ ዕቃው ከሱቅ በሚወጣበት ሰዓት ነው።